ለኮዮቲ አደን የኤአር ጠመንጃ ጥይት በእጅ መሙላት፦ አረር፣ ባሩድና ቀለህ አመራረጥ

ኮዮቲ በሰሜን አሜሪካ ከሜዳ እስከ ከተማ ዳር የሚኖር፣ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 16 ኪሎ የሚመዝን የቀበሮ ወገን ነው። (በባሌና በሰሜን ተራሮች ያለው የእኛው ቀይ ቀበሮ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን በሕግ የተጠበቀና ቁጥሩ የተመናመነ እንስሳ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም።) ኮዮቲ በጥሪ ድምፅ ተስቦ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆኖ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሦስትና አራት ሰከንድ ይቆምና ይፈተለካል። አዳኞች ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ በተለይ በ.223 ሬሚንግተን ጥይት የሚሠራውን ኤአር-15 የሚመርጡት ለዚህች ሰከንድ ብለው ነው።

ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ ከዚያ በላይ ይመስላል እንጂ አይበልጥም። በ300 ያርድ፣ ማለትም በ275 ሜትር ገደማ፣ አንድ የማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ) የሚሰበስብ ጠመንጃ ጥይቶቹን 8 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያስቀምጣል። አንድ ተኩል ደቂቃ የሚሰበስበው ግን 12 ሳንቲ ሜትር ይበትናል፤ እንስሳው ቆስሎ ሊያመልጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ጥይት በአንድ ደቂቃ የሚሰበስብ ነው። ግን ከዚያም በፊት ሁልጊዜ የሚጎርስ፣ ሁልጊዜ የሚቆለፍ፣ ቀለሁንም ሁልጊዜ የሚተፋ መሆን አለበት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ የሚገለብጠው ሰው ብዙ ባሩድና ብዙ ቅዳሜ ያባክናል።

ለምን ቢባል፣ ኤአር እንደ ቦልት ጠመንጃ (በየተኩሱ በእጅ እየተሳበ እንደሚጎርሰው) ሁሉን አይቀበልም። የጥይቱ ርዝመት በካዝናው ልክ የተወሰነ ነው። ቦልቱ ጥይቱን በእጅ እንደሚገፋ ሰው በዝግታ አያጎርሰውም፤ ወርውሮ ያስገባዋል። ጋዙ ደግሞ ቀለሁ ገና ከማጉረሻው ግድግዳ ጋር ሳይላቀቅ መሳብ ይጀምራል። ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ ከእነዚህ ሦስቱ የሚመነጭ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር፦ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የባሩድ ልክ በግሬን (7,000ው አንድ ፓውንድ የሚሆን የክብደት መለኪያ) አታገኙም። .223 የሚወስደው ባሩድ 25 ግሬን አካባቢ ነው፤ ግማሽ ግሬን ስሕተት የጠቅላላውን 2 በመቶ ያህላል፤ ግፊቱ ደግሞ ከዚያ በበለጠ መጠን ይወጣል። የመነሻውንና የጣሪያውን ልክ የባሩዱ ወይም የአረሩ አምራች ካሳተመው መመሪያ ውሰዱ፤ በተቻለ መጠን ሁለት መመሪያ አመሳክሩ። ኢንተርኔት ላይ ከሰው የተቀዳ ልክ፣ ሰውየው ምንም ያህል የሚታመን ቢሆን፣ የእሱ ጠመንጃ ልክ ነው።

ጠመንጃችሁን አንብቡት

በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ተመልከቱ። ".223 ሬሚንግተን" ካለ 5.56 ናቶ ጥይት አይገባውም፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ ይገባል፣ ግን ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል፤ የ5.56 ማጉረሻ አረሩ ጠመዝማዛውን ቦይ ከመንከሱ በፊት የሚሄድበት ቦታ ረዘም ያለ ነውና። ".223 ዋይልድ" የሚባለው ማጉረሻ ሁለቱንም እንዲቀበል የተሠራ ነው፤ ለትክክለኛ ተኩስ በሚሠሩ ኤአሮች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት እሱን ነው። የአሜሪካ የጠመንጃና የጥይት አምራቾች ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ ሳሚ፣ ለ.223 ያወጣው የግፊት ጣሪያ 55,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው።

ሁለተኛው የበርሜሉ ጥምዝ ነው። 1:9 ማለት አረሩ በ9 ኢንች አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በገበያ ላይ 1:7፣ 1:8፣ 1:9፣ በቆዩት ላይ 1:12 አለ። ጽሑፉ ከጠፋ መጥረጊያ ዘንግ ላይ ጥብቅ ጨርቅ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉና አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ስንት ኢንች እንደገባ ለኩ። (እጀታው በነፃነት የሚዞር ዘንግ መሆን አለበት፤ አለዚያ ልኩ ውሸት ይሆናል።)

አረር

መረጋጋትን የሚወስነው የአረሩ ርዝመት ነው፤ ክብደቱ አይደለም። ክብደት የሚጠቀሰው ከርዝመት ጋር አብሮ ስለሚሄድ ብቻ ነው። 1:12 በርሜል እስከ 55 ግሬን ድረስ ይበቃዋል። 1:9 ከ40 እስከ 69 ያለውን ብዙውን ያረጋጋል። 1:8 እስከ 77 ድረስ ይይዛል፤ ለኮዮቲ አንድ በርሜል ብቻ ግዙ ብንባል የምንመክረው እሱን ነው።

ፈጣን ጥምዝ ያለው ሰው ሊያውቀው የሚገባ አደጋ አለ። የአረሩን የሽክርክሪት ፍጥነት ማስላት ቀላል ነው፦ ፍጥነቱን በፊት በሰከንድ ያዙ፣ በ720 አባዙ፣ በጥምዙ ኢንች አካፍሉ። 3,200 ፊት በሰከንድ የሚሄድ አረር በ1:12 በርሜል 192,000 ዙር በደቂቃ ይዞራል። ያው አረር በ1:7 ሲተኮስ 329,000 ይደርሳል። ለዝግተኛ ጥይት ተብሎ የተሠራ በጣም ስስ ሽፋን ያለው አረር በዚህ ዙር አየር ላይ ሊበተን ይችላል። ዒላማው ላይ ቀዳዳ ጠፍቶ፣ ወይም ግራጫ ጭረት ብቻ ታይቶ "ስቼ ነው" የሚል ሰው አንዳንዴ ያልሳተ ነው፤ አረሩ ያልደረሰለት ነው።

ለኮዮቲ የሚሆነው ደረት ውስጥ ገብቶ ቶሎ የሚከፈት አረር ነው። ሆርናዲ ቪ-ማክስ፣ ሲዬራ ብሊትዝኪንግ፣ ኖስለር ባሊስቲክ ቲፕ ቫርሚንት፣ ሦስቱም የፕላስቲክ ጫፍ ያላቸው፣ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ክብደቱን ከ50 እስከ 60 ግሬን ውስጥ አድርጉት። ከ40 ግሬን በታች ያለው ፈጥኖ ይነሣል፣ ነፋስ ግን ይጫወትበታል፤ ትከሻ አጥንት ላይ ካረፈም ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ላዩን ቦጭቆ ሊቀር ይችላል።

በእነዚህም መካከል ልዩነት አለ። የቪ-ማክስን ብናይ፣ 55 ግሬኑ የአየር መቋቋም ቁጥሩ (ከፍ ባለ ቁጥር አየር አረሩን የሚያዘገየው ያንሳል) .255 ነው፤ 53 ግሬኑ ግን .290፣ ቀለል ብሎ ሳለ የተሻለ ቅርጽ አለው። በ300 ያርድ፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ የጎን ነፋስ፣ 53 ግሬኑ ከ55 ግሬኑ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ያነሰ ይገፋል። አራት ሳንቲ ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዒላማ ላይ ቀላል አይደለም። በ1:9 ወይም ከዚያ በፈጠነ ጥምዝ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያ ሳጥኑ 53 ግሬን ቪ-ማክስ ቢሆን አይቆጭም።

69 እና 77 ግሬን የውድድር አረሮች ወረቀት ላይ የሚሰበስቡት ያስቀናል። ግን የተሠሩት ለወረቀት ነው፤ እንስሳ ላይ አንዴ ይከፈታሉ፣ አንዴ እንደ መርፌ ወግተው ያልፋሉ። ሲዬራ ራሱ ማችኪንግ አረሮቹን ለአደን አይመክርም። ይህን ምክር እኛም እንጋራለን።

ካሊፎርኒያ ከሐምሌ ወር 2019 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በማንኛውም አደን ላይ እርሳስ ያለበትን ጥይት ከልክላለች። እዚያ የምታድኑ እርሳስ አልባ አረር ያስፈልጋችኋል። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ያው ክብደት ያለው አረር ይረዝማል፤ ስለዚህ ጥምዙን ስታመዛዝኑ ግሬኑን ትታችሁ አምራቹ የሚጠይቀውን ጥምዝ ተመልከቱ። ስለ ሕግ ካነሣን፣ በፌዴራሉ ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ አሜሪካ ያለ ሰው፣ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ እንደ መያዝ ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። በእጅ የተሞላ ጥይትም ጥይት ነው።

ባሩድ

ለ.223 የሚስማማው መካከለኛ የሚነድ ባሩድ ነው። በቅርጽ ሁለት ዓይነት አለ፦ ድቡልቡል እና በትር መሳይ። እንደ ኤች 335 እና ሲኤፍኢ 223 ያሉት ድቡልቡሎች በመስፈሪያ ውስጥ እንደ ውሃ ይወርዳሉ፤ በአንድ ማታ 200 ጥይት ለሚሞላ ሰው ምቹ ናቸው። እንደ ቫርጌት፣ ኤች 4895፣ ቤንችማርክ እና አይኤምአር 8208 ኤክስቢአር ያሉት በትር መሳዮች የሙቀት ለውጥን በተሻለ ይቋቋማሉ።

የኮዮቲ ወቅት የአሜሪካው ብርዳማ ክረምት፣ በረዶ ውስጥ ስለሆነ የሙቀቱ ጉዳይ ዋና ነገር ነው። በነሐሴ በ35 ዲግሪ የተፈተሸ ጥይት በጥር ከዜሮ በታች 15 ላይ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ የሚመታበትም ቦታ ይወርዳል። የተገላቢጦሹ ደግሞ አደገኛ ነው፦ በብርድ እስከ ጣሪያው የተሞላ ጥይት በሐምሌ መኪና ውስጥ ሲግል ግፊቱ ከጣሪያው ያልፋል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ምርጫችን በትር መሳዩ ነው፤ ከእሱም ውስጥ ጥራጥሬው አጠር ያለው፣ እንደ ቤንችማርክና 8208፣ በመስፈሪያም ይታዘዛል። ቫርጌት ረዘም ስለሚል መስፈሪያው ውስጥ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱን በሚዛን ማየት ግድ ይላል።

አንድ ፓውንድ ባሩድ 7,000 ግሬን ነው፤ በ25 ግሬን ሲካፈል 280 ጥይት ይወጣዋል። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ጣሳ ብቻ ይኑር። መስፈሪያው ውስጥ የተረፈው ወደ ራሱ ጣሳ ይመለስ፤ ምን እንደሆነ ያላወቃችሁት ባሩድ ይጣል። ሁሉንም ቀለሆች ከሞላችሁ በኋላ፣ አረር ከመትከላችሁ በፊት፣ መደርደሪያውን በባትሪ እያበራችሁ በየአፋቸው ተመልከቱ። እጥፍ የገባበት ፈስሶ ይታያችኋል፤ ባዶ የቀረው ግን ካላያችሁት አረሩን በርሜል ውስጥ ይወትፈዋል፤ የሚቀጥለው ተኩስ ጠመንጃውን ይበትናል።

ፕራይመር

የኤአር መምቻ መርፌ የሚይዘው ስፕሪንግ የለውም። ቦልቱ ሲዘጋ መርፌው በራሱ ግፊት ወደ ፊት ሄዶ ፕራይመሩን (ቀለሁ ግርጌ ላይ ያለውን፣ ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ) ነካ ያደርጋል። አጉርሳችሁ ሳትተኩሱ ያወጣችሁትን ጥይት ግርጌውን ብታዩ ትንሽ ነጥብ አለች፤ የተለመደ ነው። ፕራይመሩ ስስ ከሆነ ወይም ወጣ ብሎ ከተተከለ ግን ያች ንክኪ ራሷ ልትተኩሰው ትችላለች። ለዚህ ወፍራም ቆብ ያላቸውን ምረጡ፦ ሲሲአይ 41፣ ሲሲአይ 450፣ ሬሚንግተን 7½። ሬሚንግተን 6½ ለዚህ ግፊት የተሠራ አይደለም፤ ስሙ ስለተመሳሰለ አትሳሳቱ። የፕራይመር ዓይነት በቀየራችሁ ቁጥር ባሩዱን ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ጀምሩ።

ፕራይመሩ ከግርጌው ወለል ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ጣታችሁን አሳልፉበት፤ ጎድጎድ ማለቱ ይሰማችሁ። ጉብ ካለ ያ ጥይት ወደ ካዝና አይገባም።

ቀለህ፣ ዋናው ሥራ

ኤአር ላይ ትክክለኛነት የሚገኘውም የሚጠፋውም እዚህ ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዙር የወጡ 100 ቀለሆች ያዙ፤ ቅልቅል አትጠቀሙ፤ የውስጥ ስፋታቸው ይለያያል፤ በአንድ ባሩድ ልክ የተለያየ ግፊት ይሰጣሉ። ግርጌው ላይ "ኤልሲ" የተጻፈበት የሌክ ሲቲ ወታደራዊ ቀለህ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የፕራይመሩ ኪስ ዙሪያውን ተቆንጥጧል። ያ ቁንጥጫ በመግፊያ ወይም በመላጫ ካልተነሣ አዲሱ ፕራይመር ይጨፈለቃል። ሲላጭ ደግሞ መጠኑ ካለፈ ኪሱ ይላላና ፕራይመሩ በተኩስ ጊዜ ይወድቃል።

ቀለሁን ሙሉ በሙሉ በሚጨምቅ ዳይ (ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልስ የብረት ቅርጽ) ጨምቁት። አንገቱን ብቻ መጭመቅ ለቦልት ጠመንጃ እንጂ ለኤአር አይሆንም። ልኩን የምትይዙት በትከሻው፣ ቀለሁ ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ፣ ነው፦ ከራሳችሁ ጠመንጃ የተተኮሰ ቀለህ ውሰዱ፣ ፕራይመሩን አውጡ (ወጣ ያለ ፕራይመር ልኩን ያዛባል)፣ በትከሻ መለኪያ የተገጠመለት ካሊፐር ለኩት። ለምሳሌ 1.459 ኢንች ካነበበ፣ ከጨመቃችሁት በኋላ 1.456 ወይም 1.455 ማንበብ አለበት፤ ማለት ከ0.003 እስከ 0.004 ኢንች ወደ ኋላ መግፋት። ዳዩን በሩብ ዙር ሳይሆን ከዚያ ባነሰ እያዞራችሁ፣ በየዙሩ እየለካችሁ ድረሱበት።

ከዚህ ባነሰ ብትገፉት ቦልቱ አልፎ አልፎ ሳይቆለፍ ይቀራል። አብዝታችሁ ብትገፉት ደግሞ ቀለሁ በየተኩሱ ይለጠጣል፤ ከግርጌው ከፍ ብሎ ብሩህ ቀለበት ይታይበታል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ ለሁለት ይቆረጣል። የወረቀት ሽቦ ዘርግታችሁ ጫፏን ሁለት ሚሊ ሜትር እጠፏት፤ ወደ ቀለሁ ውስጥ አስገቡና ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እየጫራችሁ ሳቡ። ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብላ ጎድጓዳ ላይ ከተያዘች ያ ቀለህ አልቆለታል፤ በጉጠት ጨፍልቃችሁ ጣሉት፤ በስሕተት ተመልሶ እንዳይሞላ።

ርዝመቱ ከ1.760 ኢንች ማለፍ የለበትም፤ ወደ 1.750 ከርክሙ። የአፉን ውስጥና ውጭ ቀለል አድርጋችሁ ሙልጩ፤ የመጭመቂያውን ቅባት ጥረጉ። ቅባት ያለው ቀለህ ማጉረሻውን አይዝም፤ ቦልቱን ከልክ በላይ ይመታል።

አረሩን መትከል

የቦልት ጠመንጃ ሰዎች አረሩን ወደ ጠመዝማዛው ቦይ እያስጠጉ ይሞክራሉ። እዚህ ካዝናው አይፈቅድም። ጠቅላላ ርዝመቱ እስከ 2.260 ኢንች ነው፤ ከ2.250 ብትጀምሩ በሁሉም ካዝና ይሄዳል።

ከርዝመቱ ይልቅ የሚያሳስበው የአንገቱ ጥንካሬ ነው። አረሩ 0.224 ኢንች ነው፤ የአንገቱ ውስጥ ሳይተከልበት 0.221 ወይም 0.222 ይሁን። በቂ መሆኑን ለማወቅ ፕራይመርም ባሩድም የሌለባቸው ሦስት የሙከራ ጥይቶች ሥሩ። ርዝመታቸውን ጻፉ፣ ካዝና ውስጥ ጨምሯቸው፣ ቦልቱን ወደ ኋላ ስባችሁ በሙሉ ኃይሉ ልቀቁት፣ አውጥታችሁ እንደገና ለኩ። አረሩ ወደ ውስጥ ከገባ መግቢያውን መትቷል፤ ግፊት ይጨምራል። ወደ ውጭ ከወጣ ቦልቱ ሲቆም በራሱ ጉልበት ተንሸራቷል። ለውጡ ከ0.003 ኢንች ካለፈ የአንገት ማስፊያውን በቀጠነ ቀይሩ። ቪ-ማክስን የመሰለ መቆንጠጫ ጎድጓዳ የሌለው አረር ላይ ጠንክሮ መቆንጠጥ ሽፋኑን ያበላሻል፤ ጥሩ አንገት ካለ መቆንጠጥ አያስፈልግም።

ሜዳ ላይ

በመመሪያው መነሻ ጀምሩና በ0.3 ግሬን እያሳደጋችሁ አምስት ደረጃ ሥሩ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ጥይት። ከመነሻው አንድ፣ ከሁለተኛው አንድ፣ ከሦስተኛው አንድ እያላችሁ በየራሳቸው ዒላማ ላይ በዙር ተኩሱ፤ በርሜሉ የጋለበት ሰዓት አንዱን ደረጃ ብቻ እንዳይጎዳው። በየመሐሉ ቀለሆቹን አንሡ። ግርጌው ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ የቦልት ምልክት፣ የተቀደደ ጠርዝ፣ ዙሪያው የተድበለበለ ፕራይመር ካያችሁ እዚያው አቁሙ፤ የቀሩትን ከፍ ያሉ ጥይቶች ቤት ወስዳችሁ አፍርሱ። ከኪሱ የወጣ ፕራይመር ምላጩ ሥር ገብቶ ጠመንጃውን የሚያስርበት ጊዜም አለ፤ ምላጩ በድንገት ከደነዘዘ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

የምትፈልጉት ትንሿን ስብስብ ብቻ አይደለም። ሁለት ጎረቤት ደረጃዎች ዒላማው ላይ በአንድ ከፍታ የሚያርፉበትን ቦታ ፈልጉ፤ ሙቀትም ሚዛንም ትንሽ ቢዛነፍ የማይናወጠው እሱ ነው። ከዚያ ያንን መርጣችሁ አሥር ጥይት በአንድ ዒላማ ተኩሱ። ሦስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ ማስገባት በዕድልም ይሆናል፤ አሥሩ ግን እውነቱን ይናገራሉ፤ አሥሩ አንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ከገቡ በአምስት የምትለኩት ከዚያ ያንሳል።

አዳኝ የሚተኩሰው የመጀመሪያዋን፣ ከቀዝቃዛ በርሜል የምትወጣዋን ነው። አንድ ወረቀት ያዙ፣ በአምስት የተለያዩ ቀኖች አንድ አንድ ጥይት ብቻ ተኩሱበት። ያ ወረቀት ከየትኛውም የቅዳሜ ዒላማ ይበልጣል። 55 ግሬን በ3,100 ፊት ገደማ የሚወጣ ከሆነ በ200 ያርድ ዜሮ አድርጉት (ያነጣጠራችሁበት ላይ እንዲመታ አስተካክሉት)፤ በ100 ያርድ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ፣ በ300 ደግሞ ከ18 እስከ 20 ዝቅ ይላል።

ካዝናው ሲያልቅ ቦልቱ ወደ ኋላ ካልቀረ ጋዙ አንሷል፤ የባሩዱ ልክ በጣም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ቀለሁ ወደ ፊት ርቆ ከተወረወረና ጠርዙ ከተጎዳ ጋዙ በዝቷል፤ ባሩዱ ለበርሜላችሁ በጣም ዝግተኛ መሆኑን ጠርጥሩ፤ የሚስተካከል የጋዝ ብሎክ (ወደ ቦልቱ የሚሄደውን ጋዝ የሚመጥን ክፍል) ካላችሁ ጨቁኑት።

ለአደን የምትይዟቸውን ጥይቶች አንድ በአንድ በቀለህ መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ጣሏቸው። በራሱ ክብደት ገብቶ በራሱ ክብደት ያልወጣ ለልምምድ ይቀመጥ። ሳጥኑ ላይ ቀለሁን፣ ስንተኛ ሙሊቱ እንደሆነ፣ አረሩን፣ ባሩዱንና ልኩን፣ የጣሳውን የምርት ቁጥር፣ ፕራይመሩን፣ ርዝመቱንና የሙከራውን ቀን ሙቀት ጻፉበት። አዲስ የምርት ቁጥር ያለው ጣሳ ስትከፍቱ ከልኩ 1 ግሬን ዝቅ ብላችሁ እንደገና ውጡ።